ፊትህን ያዞርኩበት ገጽ

ይህን ብዕር የያዘው እጅ የምራቴ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ፣ የታላቅ ወንድምህ ነው። ምራቴ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ፤ እኔ በምን አውቄ። አታሳምሪው፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ ስቆጣም እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ። እሷም እሺ አባባ፣ ግን ቀስ ይበሉ፣ የእኔ እጅ እንደ እርስዎ አፍ አይሮጥም ብላኛለች። ይኸው ይህንንም ጽፋዋለች።

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለጭራሮ። እንደምን ከረምክ ልበልህ ወይስ እንደምን አረጀህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህስ፣ ብርድ ሲገባ አሁንም ይጠዘጥዝሃል? ዓይንህስ? ያንተ ዓይን ብዙ ያነበበ ነውና ደክሞ ይሆናል። አይቻት የማላውቃት ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆችህስ? ታላቋ አስተማሪ ሆነች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ታናሹ መካኒክ ነው ይላሉ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ጥርሴ ከሞላ ጎደል ሄዷል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሴ ግን እንዳለች ናት። እስከዚህ ድረስ ሰላምታ ነው፤ ከልቤም ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሰላምታ አይደለምና ተቀምጠህ አንብበው።

ስልክ ያልደወልኩት ቁጥርህ ጠፍቶኝ አይደለም። ምራቴ ከልጅህ ተቀብላለች። ድምፄን ስትሰማ ትዘጋዋለህ ብዬ ነው። ወረቀት ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ዓይንህ ያርፍበታል።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልጀምርልህ። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዱ ይማር፣ አንዱ ይሥራ ተባለ። አንተ ቀጭን ስለነበርክ ደብተር ያዝክ፣ እኔ መጋዝ ያዝኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሰል ይዘህ አናጺ ቤት ትመጣና ጣውላ ላይ ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር። አንተ ፊደሉን ስትጽፍ እኔ ከጎኑ አንተን እስልሃለሁ፤ አፍንጫህ ላይ ጥላሸት፣ ምላስህ በከንፈርህ ጥግ ወጥታ። አንድ ቀን ፊደሉን ትተህ እኔን ሣልከኝ ብለህ አለቀስክ፤ የእኔም ትምህርት በዚያው አበቃ። ስለዚህ እኔ ማንበብ እንደማልችል አሳምረው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናታችንና አንተ። ይህን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከአናጺ ቤት ወደ ታፔላ ጻፊ ሄድኩ። ታፔላ ጻፊ ሆኖ ማንበብ የማይችል ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነበርኩ። ፊደልን እንደ ወንበር እግር አይቼ እስለው ነበር፤ ይኼኛው ጉልበቱን ያጠፈ፣ ያኛው ቀለበት ያንጠለጠለ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። የሚያነብ ሰው ነው የሚሳሳተው፣ ያውቀዋልና ችኩል ነው። በኋላ የማተሚያ ቤቱ አለቃ አንድ የጥርስ ሐኪም በር ላይ የሣልኩትን አፍ አይቶ ወሰደኝ። ያ አፍ ያስፈራ ስለነበር ሐኪሙ በሽተኛ አጥቶ ነበር፤ አለቃው ግን እንዲህ የሚጮህ አፍ ነው የምፈልገው አለ። ጦርነቱ ተጀምሮ ነበርና።

ሥራው የጦርነት የሥዕል መጽሔት ነበር። ገጹ በሳጥን በሳጥን ይከፈላል፤ በየሳጥኑ ሥዕል፣ ከሰውየው አፍ ደግሞ ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ ይወጣል። እኛ ማተሚያ ቤት ፊኛ እንለዋለን። ታሪኩን የሚደርሰው አንድ ቀጭን ጸሐፊ ነበር፣ ቀለሜው ነው የምንለው። የጻፈውን ሲሰጠኝ እኔ በወረቀት አልሥልም፣ በጆሮዬ ነው የምሥለው፣ ንገረኝ እለዋለሁ። የአርቲስት አመል መሰለው። ለእንግዳ ሁሉ ይህ ሰው በጆሮው ነው የሚሥለው እያለ ያወራልኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን እያወዛወዘ ይነግረኛል፤ እኔ እሥላለሁ፣ ፊኛውን ባዶ እተዋለሁ፤ እሱ በኋላ ይሞላዋል። አፍ የእኔ፣ ቃል የእሱ።

ጦርነት አይቼ አላውቅም፤ ጦርነት የሣልኩት ግን እኔ ነኝ። የፈንጂ ጭስ የሠራሁት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀለም እየረጨሁ ነው። ቦት ጫማ ከዘበኛው ተውሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እሥል ነበር፤ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ፊት ግን ከራሴ አላወጣሁም። ጄኔራሉ የቤት አከራያችን አፍንጫ ነበረው። ጠላት ሁሉ በልጅነቴ ይደበድበኝ የነበረው አናጺ ነበር፤ በየእትሙ ገድዬዋለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ በላይ የተቀመጠ አንድ ሻለቃ ነበር፣ ሥዕል ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል። የእኛ ሙታን ጢማቸው የተላጨ ይሁን ይላል። የሞተ ሰው ማን ይላጨዋል ብለው፣ ወረቀት ላይ አንተ ትላጨዋለህ አለኝ።

አንተ ስትዘምት እናታችን እህል አልወርድ አላት። ደብዳቤ ከግንባር እንደ ሎተሪ ነበር። እኔም አንተን መጽሔቱ ውስጥ አስገባሁህ። በየእትሙ፣ ከጀርባ ካሉት ወታደሮች አንዱ አንተ ነህ፤ ውሃ ስትጠጣ፣ ጫማ ስታስር፣ ስትስቅ። መጽሔቱ ሲወጣ ይዤላት እገባለሁ። እሷም ጄኔራሉንም ታንኩንም አልፋ ጣቷን እያስኬደች ትፈልግሃለች። ስታገኝህ ይኸው አለ፣ ከስቷል እንጂ ደህና ነው ትላለች። እንዳትከሳብኝ ብላ ስትለምነኝ በሚቀጥለው ጉንጭህን እሞላው ነበር።

ከዚያ የኮረብታው ታሪክ መጣ። ቀለሜው እንዲህ ብሎ ነገረኝ፤ ጓዶች መተኮሻ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተዋል፣ ጥይት እንደ በረዶ ይወርዳል፣ ማንም ቀና አይልም። አንድ ተራ ወታደር ብድግ ይላል፣ ተነሱ ተከተሉኝ ብሎ ወደ ኮረብታው ይሮጣል። ያ ሰው አንተ እንድትሆን ቆረጥኩ። ሙሉውን ገጽ አንድ ሳጥን አደረግኩት። ነገር ግን ወደ ፊት የሚሮጥ ሰው የሚታየው ጀርባው ነው። እናታችን ጀርባህን ይዤላት እንድገባ አይደለም የምትጠብቀኝ። ስለዚህ ፊትህን አዞርኩት። እግርህ ወደ ኮረብታው፣ ፊትህ ወደ ጓዶችህ፣ አፍህ ተከፍቶ፣ እጅህ ተዘርግቶ። በዕድሜዬ ከሣልኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ የሚከራከረኝ ካለ ብዕሩን ያንሳና ይሣል።

ጉልበትህን ቆስለህ ስትመጣ የሆነውን አንተም አልረሳኸውም። እናታችን ቤት አልጋው ላይ ተቀምጠህ ነበር። ያንን እትም በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ ስጦታ ይዤልህ መጣሁ። ገልጬ ጣቴን ፊትህ ላይ አድርጌ፣ ይኸው አለህ፣ ሙሉ ገጽ ነው የሰጠሁህ አልኩህ። አየኸው። ከዚያ እኔን አየኸኝ። መጽሔቱን ጭኔ ላይ መልሰህ አስቀምጠህ ወደ ግድግዳው ዞርክ። ቁስሉ ነው አልኩ፤ እናታችንም ተወው ደክሞታል አለችኝ። እግርህ እንደጠና ሳትሰናበተኝ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህ ለእናታችን ይመጣል፣ ጎረቤት ያነብላታል፤ መጨረሻ ላይ ሰላምታው ሲደርስ እኔ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ። አከራዩን ሰላም በሉልኝ፣ ጎረቤቶቼን ሰላም በሉልኝ፣ ውሻው አለ ወይ? ውሻውን ጠይቀሃል፣ ጭራሮ። ሰላምታህ እኔን ዘልሎ ውሻው ላይ ሲያርፍ እየሰማሁ ነው የኖርኩት።

ጦርነቱ አለቀ፣ መጽሔቱም አብሮ አለቀ። ትናንት ሲሻሙበት የነበረውን ባለሱቁ ስኳር ጠቀለለበት። እኔም የሳሙና ካርቶንና የአይጥ መርዝ ሣልኩ። የአይጥ መርዙን አይጥ ስሠራ እጄ አመል ሆኖበት የአናጺውን ፊት ሰጠሁት፤ ገበያ ላይ ደህና ተሸጠ ይላሉ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሰናበቱኝ። የሥራዬ ታሪክ ይኼው ነው።

አሁን በቅርቡ አንድ ወጣት አሳታሚ መጣ። እኛ ስኳር የጠቀለልንበትን እሱ በላስቲክ ሸፍኖ፣ እንደ እንቁላል ይዞት ነው የገባው። አባት፣ እርስዎ ቅርስ ነዎት አለኝ። ቅርስ የሚባለው የሟች ዕቃ ነው አልኩት። መጽሔቶቹን ሰብስቦ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው፤ የእኔን ፈቃድ ይፈልጋል። እስኪ ልያቸው ብዬ አስቀረኋቸው። ያን ዕለት ከሰዓት ምራቴን፣ ዓይኔ ደክሟልና እያነበብሽ አጫውቺኝ አልኳት። አባባ፣ ለመርፌ ቀዳዳ ያልደከመ ዓይን ለፊደል ነው የሚደክመው አለችኝ። ለካስ ቤቴ ከገባች ጀምሮ ታውቃለች። የመጀመሪያውን እትም አቀበልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልልም፤ ያፈርኩት ነገር የለማ።

የራሴን መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፣ ወንድሜ። ደህና ነበር። ጄኔራሉ ሲናገር ሳቅኩ። ከዚያ ያንን ገጽ ገለጠችና ሳታነብ ልታልፈው አለች። አንብቢው እንጂ አልኳት። አነበበችው። የለም፣ ተሳስተሻል፣ ድገሚው አልኳት። ደገመችው። በአንተ አፍ የተጻፈው ይህ ነው፤ እናንተ ሙቱ፣ እኔ እናት አለኝ።

አላመንኳትም። ገጹን ይዤ ታች ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወረድኩ። እሱ ያኔ ዘማች ነበር። መነጽሩን አድርጎ አነበበልኝና ሳቀ። ይህንንማ ግንባር ላይ ሁላችን እናውቀዋለን አለ፤ ፈሪ ምን እንደሚመስል እዩ ተብሎ በየጉድጓዱ ታድሎ ነበር። ከእኛ ጎን ባለው ጦር ውስጥ ቁርጥ ይህንን የመሰለ አንድ ምስኪን ነበር፣ እናት አለኝ ብለው ነበር የሚጠሩት። ለምግብ ሲሰለፍ እናት አለኝ፣ ለዘብ ሲወጣ እናት አለኝ። በኋላ ቆሰለ መሰለኝ፣ በቃሬዛ ሲወስዱት እንኳ ለእናትህ ሰላም በልልን አሉት። እያወራ ይስቃል። ወንድሜ ነው አልኩት። መቀሱን አስቀመጠ፤ እስከ ዛሬ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ አቀርቅሮ ነው የሚያልፈኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለእኔ ነው። አገር ያነበበውን እኔ የሣልኩት አላወቅኩም።

ቀለሜው በሕይወት አለ። ሄድኩበት። ልጁ ቤት ጓዳ ውስጥ ተኝቷል፣ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። በጥፋቱ ልወቅሰው ነበር የሄድኩት። ሻለቃው ሥዕሉን ሲያይ ይህ ሰው ለምን ወደ ኋላ ያያል፣ ይኼማ እየሸሸ ነው አለ፤ ግንባር ላይ የሚከዳው ስለበዛ ፈሪ ያስፈልገናል፣ ይኼው ፈሪያችን ብሎ ቃሉን አስቀየረኝ አለኝ። ሥዕል እንደገና ከመሣል ቃል መለወጥ ይቀላላ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ምን ብዬ ልንገርህ አለ፤ ለእርማት የሚወጣውን ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ አድርጌ፣ ተቀይሯልና እየው፣ ካልተስማማህ ሻለቃውን አብረን እንለምናለን አልኩህ። አንተ ወረቀቱን አንስተህ አየኸው፣ ጥሩ ነው ብለህ መለስክልኝ። እኔም ልበ ደንዳና ነው ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁህ አለኝ።

እውነቱን ነው። ጥሩ ነው ብያለሁ። ያየሁት ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ጥሩ ነበር።

ይህን የማስጽፈው ይቅርታ ልልህ አይደለም። አውቄ አልመረዝኩህም። ልጠይቅህ ነው። ቀለሜው ማንበብ እንደማልችል አያውቅም ነበር፤ ሻለቃው አያውቅም ነበር፤ እነሱ ቢፈርዱብኝ ፍርዳቸው ነው። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ከሰሉን የያዝከው አንተ ነህ። ጣቴን ፊትህ ላይ አድርጌ ስስቅልህ፣ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን እንደሚል ታውቃለህ ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል። የተማርከው በእኔ መጋዝ ነው፣ ያቺን አንዲት ቃል ነፈግኸኝ። ወይስ እሱ ይህን ያደርጋል ብለህ ማመኑ ቀለለህ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ አንተ ቂም ይዘህ ስንቱን ደብዳቤ ጻፍክ።

ለእኔ ይሁን። እናታችን ምን አድርጋህ ነው? ስትታመም ላክንብህ፣ አልመጣህም። እሷም እንደ እኔ አታነብም። ያንን ገጽ ከመጽሔቱ ላይ ቀድዳ ትራሷ ሥር አድርጋው ነበር። ልጄ እየጠራኝ ነው፣ አፉን አያችሁት፣ እማዬ ነው የሚለው ትል ነበር። እንዲህ እያለች ነው የሄደችው። አስበው፤ የታተመውን ቃል ከእሷ በቀር ማንም በደግ አላነበበውም፣ እሷም ፊደል ሳትቆጥር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አሳታሚው ገጹን እንዳለ ማተም ይፈልጋል። ታሪክ ነው፣ መለወጥ አይገባም ይላል። ታሪክ የሚሆነው ለአንተ ነው፣ ለእኔ ወንድም ነው አልኩት። ያ ቃል ካለበት ፈቃዴን አልሰጥም፣ መጽሐፍህም ባዶ እጁን ይቀራል ብዬ እቅጩን ነገርኩት። ሲጨነቅ ቆይቶ፣ እሺ፣ ታዲያ በፊኛው ውስጥ ምን ይጻፍ አለኝ። ተነሱ ተከተሉኝ ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። እሱም የቀለሜው ቃል ነው። በአንተ አፍ ስንቱ ሰው ይናገር?

ስለዚህ እናታችን የቀደደችውን ያንን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ቃሉን ራሴ በምላጭ ፍቄ አንስቼዋለሁ። ምራቴ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ልፋቀው ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ቀስ እያልኩ፣ ትንፋሼን እየያዝኩ ነው የፋቅኩት። ወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ፊትህ ግን አልተነካም። ብርሃን ላይ ብታደርገው ፊደሉ ትንሽ ይታያል ይሉኛል። ይታይ። ከሥሩ የነበረውን ካንተ አልደብቅም።

በባዶው ውስጥ የምትለውን አንተ በእጅህ ጻፍበትና መልሰህ ላክልኝ። ያኔ ያ ኮረብታ ላይ ብትሆን ምን ትል እንደነበር አንተ ነህ የምታውቀው፤ እኔም አላውቅም፣ ቀለሜውም አያውቅም። ብትፈልግ ስድብ ጻፍ፤ እኔን ስደበኝ፣ እንዳለ አሳትመዋለሁ። ያንኑ የፋቅኩትን መልሰህ ብትጽፈውም አሳትመዋለሁ፤ ያኔ ቃሉ ያንተ ነው። ምንም ካልላክህ ባዶውን ይታተማል፤ አፍህን ከፍተህ ዝም እንዳልክ መጽሐፍ ውስጥ ትኖራለህ። ማተሚያ ቤቱ የሚጀምረው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ሲደርሰኝ በምራቴ አስነብበዋለሁ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው ዘንድ ወርጄ ዳግመኛ አስነብበዋለሁ። ከእንግዲህ በአንድ ሰው ንባብ አላምንም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ባላያትም እህቴ ናት። አስተማሪዋ ልጅህን፣ አጎትሽ ማንበብ ባይችልም ፊት ያነባል በልልኝ። መካኒኩን ሰላም በልልኝ፤ እጁ በሥራ የጠቆረ ሰው ዘመዴ ነው። የልጅ ልጅ ካለህ በእኔ ስም ግንባሩን ሳመው። ከዚህ ልጄ ሹፌሩ ሰላም ብሎሃል፤ መንገድ ላይ ነው። ምራቴም ሰላም ብላሃለች፤ እንባሽን ወረቀቱ ላይ እንዳታደርጊ እያልኳት ነው። ልብስ ሰፊው ምን እንደሚል ቸግሮት፣ ስለ ሳቄ ይማረኝ ብሎ ልኮብሃል። አንተንም ሰላም ብዬሃለሁ፣ ጭራሮ። ውሻው የሞተው ከእናታችን በፊት ነው።

ከቤታችን፣ ከላይኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር። ዝናቡ ሳያባራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።

በይ አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንድም ቃል እንዳትዘልዪ። ጥሩ ነው የምለው ጨርሼ ከሰማሁ በኋላ ነው።